ከአርባ በኋላ የሕግ ትምህርት፦ የት የት ማመልከት ይበጃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ የሚኖሩና ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ አንባቢያን ስለ ሕግ ትምህርት የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አሰባስበን መልሰናል። ጄዲ የምንለው ለጥብቅና የሚያበቃው ዲግሪ ነው፤ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሦስት ዓመት፣ በማታ ወይም በከፊል ጊዜ ለሚማር አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል። ኤቢኤ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ሲሆን ትምህርት ቤቶቹን የሚያጸድቀው እርሱ ነው። ኤልሳት የመግቢያ ፈተናው፣ ኤልሳክ ደግሞ ፈተናውን የሚሰጠውና የአመልካቾችን ሰነድ የሚያሰባስበው ድርጅት ነው። ዓመቶቹና ወራቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄያለሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ በአንድ ሆቴል የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ፤ ሥራዬን ግን መልቀቅ አልችልም። ጓደኞቼ «ስም ያለው ትምህርት ቤት ካልገባህ ልፋትህ ከንቱ ነው» ይሉኛል። የት የት ላመልክት?

መልስ፦ የጓደኞችዎ ምክር ትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶች ውስጥ መግባት ለሚፈልግ የ23 ዓመት ወጣት ቢሆን ያስኬድ ነበር። እነዚያ ድርጅቶች ተማሪ የሚመለምሉት ገና የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ነው፤ የሚያዩትም የትምህርት ቤቱን ስምና የዚያን ዓመት ውጤት ነው። እርስዎ የመረጡት ሥራ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ሕግ በመሆኑ፣ ከአንድ ስቴት ፈቃድ ያለው ጠበቃ በየትኛውም ስቴት በሚገኝ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ለደንበኛው መቆም ይችላል። ደንበኛው የሚጠይቀው ቋንቋውን ይችል እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያስከፍልና ጉዳዩን በደንብ ይዞለት እንደሆነ ነው። የዲፕሎማውን ማኅተም የሚመረምር ጥቂት ነው። ስለዚህ መመዘኛዎ ሦስት ነገር ይሁን፦ ተመራቂዎቹ የጥብቅና ፈተናውን ያልፋሉ ወይ፣ ስንት ዕዳ ይዘው ይወጣሉ፣ እርስዎ በሚመችዎት ሰዓት በእውነተኛ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ላይ ያለማምዳሉ ወይ።

በከፊል ጊዜ ለሚማር ሰው የዋሽንግተን አካባቢን ያህል ምርጫ ያለበት ቦታ በአሜሪካ ጥቂት ነው። ዲሲ ውስጥ ጆርጅታውን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ አሜሪካን፣ ካቶሊክና የዲሲ ዩኒቨርሲቲ፣ አርሊንግተን ላይ ጆርጅ ሜሰን፣ ባልቲሞር ላይ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ ለከፊል ጊዜ ተማሪ ቦታ አላቸው። ሰዓቱን ግን አጣርተው ይጠይቁ፤ «ከፊል ጊዜ» ሁሉ ማታ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ቀንና ማታ ይቀላቅላል፣ ሌላው ከፊሉን በኢንተርኔት ይሰጣል።

መንገዱንም ይቁጠሩት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሬድ ላይን በሚባለው የባቡር መስመር ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ጆርጅታውን የሕግ ትምህርት ቤቱ ያለው ከዋናው ግቢ ተነጥሎ ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ ስለሆነ እዚያው መስመር ላይ ነው። የዲሲ ዩኒቨርሲቲና አሜሪካን በዚያው መስመር ላይ ቢሆኑም ባቡሩ መሐል ከተማን ዞሮ ስለሚወጣ ጉዞው ይረዝማል። ባልቲሞር ግን ከሥራ መውጫ ሰዓት በአይ 95 መንዳት ማለት ነው። በሳምንት ሦስትና አራት ምሽት፣ አራት ዓመት ሙሉ! ከክፍል በኋላ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ መሆንዎን እያሰቡ ይወስኑ። በሌላ በኩል የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆኑ ሁለቱ የባልቲሞር ትምህርት ቤቶች በነዋሪ ዋጋ ይቀበሉዎታል፤ የዲሲ ዩኒቨርሲቲም የመንግሥት በመሆኑ ከግሎቹ በእጅጉ ይረክሳል። ጆርጅታውን ሙሉ ጊዜ ለሚማር በዓመት ወደ 80 ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ይህ ልዩነት ከመንገዱ ድካም ጋር ተመዛዝኖ መታየት አለበት።

ኤቢኤ ያጸደቀው ትምህርት ቤት ሁሉ «ስታንዳርድ 509» የሚባል መግለጫ በየዓመቱ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በድረ ገጹ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ አራት ቦታ ይመልከቱ። አንደኛው የገቡት ተማሪዎች የኤልሳት ነጥብ ነው፤ 25ኛው፣ 50ኛውና 75ኛው ደረጃ (75ኛው ማለት ከገቡት መቶ ተማሪዎች 75ቱ ከዚያ በታች ያገኙበት ነጥብ ነው) ለሙሉ ጊዜና ለከፊል ጊዜ ተማሪዎች ተለይቶ ተቀምጧል፤ እርስዎ የከፊል ጊዜውን ያንብቡ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ዓመት በውጤት ምክንያት የተሰናበቱት ቁጥር ነው። ሦስተኛው ስኮላርሺፕ ለከፊል ጊዜ ተማሪ ስንቱ እንደተሰጠ ነው፤ ለሙሉ ጊዜ ተማሪ እየሰጡ ለማታው እጃቸውን የሚያጥፉ አሉ።

አራተኛው ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነው፦ ሁኔታ ያለው ስኮላርሺፕ። «ውጤትህ ከዚህ በታች ከወረደ እንነሣሃለን» የሚል ማለት ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ውጤት በከርቭ፣ ማለትም ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በማወዳደር ስለሚሰጥ፣ ክፍሉ ሁሉ ጎበዝ ቢሆንም የተወሰነው ተማሪ ታች መውደቁ አይቀርም። መግለጫው ስንት ተማሪ ይህን ዓይነት ስኮላርሺፕ እንደያዘና ስንቱ እንደተነጠቀ ይናገራል። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ሰው የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊከብደው ስለሚችል፣ 20 ሺህ ዶላር በሁኔታ ከሚሰጥ ትምህርት ቤት 12 ሺህ ያለ ሁኔታ የሚሰጠው ይሻላል እንላለን።

ከዚህ ተለይቶ የሚወጣው የሥራ ሪፖርት ተመራቂዎች ከተመረቁ ከ10 ወር በኋላ የት እንዳሉ ይገልጻል። «ሥራ ያገኙ» የሚለውን ጠቅላላ ቁጥር ይለፉት። የጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ሙሉ ጊዜና ቋሚ የሆነውን መስመር ብቻ ይያዙ፤ ከዚያ እስከ 10 ጠበቃ ያላቸው ቢሮዎች ውስጥ ስንቱ እንደገባ ይዩ፤ የኢሚግሬሽን ሥራ በብዛት ያለው እዚያ ነው። የጥብቅና ፈተና ውጤትም ለብቻው ይወጣል። ኤቢኤ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ፈተናውን ከወሰዱት ተመራቂዎች 75 በመቶው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያልፉ ነው። ለእርስዎ ግን የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት ይበልጥ ይጠቅማል፤ በድጋሚ መቀመጥ ሌላ ስድስት ወር ያለ ገቢ ማለት ሊሆን ይችላልና። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ኔክስትጄን የተባለውን አዲስ ፈተና ስለምትሰጥ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቁጥሮች የድሮው ፈተና መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ስለ ልምምዱም አንድ ነገር። አሜሪካን፣ የዲሲ ዩኒቨርሲቲ፣ ሜሪላንድና ባልቲሞር ተማሪዎች በመምህር ቁጥጥር ሥር የእውነተኛ ስደተኛ ጉዳይ የሚይዙበት የኢሚግሬሽን ክሊኒክ አላቸው። ችግሩ ፍርድ ቤት ማታ አይከፈትም። ስለዚህ ለመግቢያ ክፍሉ «የማታ ተማሪ ክሊኒክ ይገባል ወይ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «ይገባል» መባሉ አይቀርም። «ባለፈው ዓመት ስንት የማታ ተማሪ ገባ? ከሥራ ስንት ቀን ፈቃድ ወሰደ?» ይበሉ።

ዲግሪዎ ከኢትዮጵያ በመሆኑ ሌላ ልዩነት አለ። ኤልሳክ የውጭ ዲግሪ ሲመጣለት በአሜሪካው መለኪያ የነጥብ አማካይ አያወጣለትም፤ አስመርምሮ «እጅግ ከፍተኛ»፣ «ከአማካይ በላይ»፣ «አማካይ»፣ «ከአማካይ በታች» ከሚሉት አንዱን ይሰጠዋል። ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ ያለው ብቸኛ ቁጥር ኤልሳት ይሆናል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለኤልሳክ መላክ አለበት፤ በእጅዎ ያለው ኮፒ አይሠራም። ከኤልሳክ አካውንትዎ የሚታተመውን የመጠየቂያ ቅጽ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ልከው ከትራንስክሪፕቱ ጋር አንድ ላይ እንዲታሸግ ያድርጉ። ቅጹ ሳይኖር የተላከ ፖስታ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ መዝገብ ስምዎና የአሁኑ መታወቂያዎ የእንግሊዝኛ ፊደል ከተለያየ፣ የቀድሞውን አጻጻፍ በአካውንትዎ ላይ ያስመዝግቡ። ይህን ሥራ ከኤልሳት ዝግጅቱ ጋር አንድ ቀን ይጀምሩት፤ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ስንት ቦታ ያመልክቱ ለሚለው ደግሞ፣ እርስዎ ከተማ ስለማይለቁ አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ነጥብዎ ከ75ኛው ደረጃ በላይ የሚሆንባቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች ይኑሩ፤ ገንዘብ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። መካከል ላይ የሚወድቁባቸው ሁለት፣ ከ50ኛው በታች የሚሆኑበት አንድ። ኤልሳቱ 250 ዶላር ገደማ፣ የሰነድ ማሰባሰቢያው ከ200 በላይ፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚላከው ሪፖርት 45 ዶላር ነው፤ ለስድስት ትምህርት ቤት የማመልከቻ ክፍያ ሳይጨመር ከ700 ዶላር ያልፋል። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ኤልሳክ ከክፍያ ነጻ ያደርጋል፤ ጥያቄው ግን ለፈተና ከመመዝገብዎ በፊት ይቅረብ፤ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። ማመልከቻ የሚከፈተው መስከረም ግድም ነው፤ እንደደረሰ እያዩ ስለሚወስኑ ስኮላርሺፕ ፈላጊ ከኅዳር መጨረሻ በፊት ቢያስገባ ይጠቅመዋል።

አንድ ጥያቄ እኛም እንጨምር፦ የግድ ጠበቃ መሆን አለብዎ? የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና በሰጠው በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ፣ ሠልጥኖ የተፈቀደለት ጠበቃ ያልሆነ ሰው ስደተኛን ሊወክል ይችላል። ከፊል ፈቃድ ያለው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ብቻ፣ ሙሉ ፈቃድ ያለው ፍርድ ቤትም ይቆማል። የራስዎን ቢሮ መክፈት አያስችልም፤ ደመወዙም የበጎ አድራጎት ድርጅት ደመወዝ ነው። ግን ሥራው ምን እንደሚመስል በዕዳ ሳይገቡ ያሳያል፤ ቆይተው ጄዲ ቢያመለክቱም ለማመልከቻዎ ከዚህ የተሻለ የሥራ ልምድ የለም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። ኤልሳት ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣል? በ50 ዓመቴ ምን ነጥብ ልጠብቅ?

መልስ፦ ለቋንቋ ተብሎ ተጨማሪ ሰዓት አይሰጥም። ለሕመም ወይም ለአካል ጉዳት ግን ይሰጣል፤ የዓይን ችግር፣ የስኳር በሽታ፣ ረጅም መቀመጥ የማያስችል የወገብ ሕመም ካለብዎ በሐኪም ማስረጃ በትልቅ ፊደል፣ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በዕረፍት እንዲፈተኑ መጠየቅ ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ መጠየቅ የሚያሳፍር የሚመስላቸው አሉ፤ መብት ነው። ትምህርት ቤቱም በተጨማሪ ሰዓት መፈተንዎን አይነገረውም።

ነጥቡ ከ120 እስከ 180 ነው፤ መካከለኛው ተፈታኝ 153 አካባቢ ያገኛል። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ብዙዎችን ያስጨንቅ የነበረው የሎጂክ ጨዋታ ክፍል ቀርቷል። አሁን ያለው አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ የክርክር ትንተና፣ አንዱ ንባብ፣ አንዱ የማይታረም የሙከራ ክፍል፤ የትኛው የሙከራ እንደሆነ አይነገርም። ንባብ ስለበዛ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው የሚፈትነው ፍጥነት ነው። ላውሃብ በሚባለው የኤልሳክ የመለማመጃ ድረ ገጽ ላይ ያሉትን የነጻ ፈተናዎች አንዱን ሰዓት ይዘው፣ ሳይዘጋጁ ይውሰዱ። ከዚያ አንዱን ክፍል ያለ ሰዓት ገደብ ይሥሩት። ያለ ሰዓት ጥሩ፣ በሰዓት ደካማ ከሆኑ ችግሩ ፍጥነት ነው፤ በየቀኑ አስቸጋሪ ጽሑፍ በማንበብ በወራት ይስተካከላል። ያለ ሰዓትም የሚሳሳቱ ከሆነ የክርክሩን አካሄድ መማር ያስፈልጋል፤ ንባብ ብቻውን አይፈታውም። ሠራተኛ ለሆነ ሰው በሳምንት 10 ሰዓት፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር እንመክራለን። ነጥቡ ለአምስት ዓመት ይላካል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ ብቻ መፈተን ይቻላል። ስለዚህ «ልሞክረው» ብለው እውነተኛውን ፈተና አያባክኑ።

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው፤ ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ውስጥ የሌሊት ነርስ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። እዚህ የማታ የሕግ ትምህርት የለም። በኢንተርኔት የሚሰጠውን ማመን ይቻላል?

መልስ፦ ኤቢኤ ያጸደቀው ከሆነ ይቻላል። በሚኒሶታ ሴንት ፖል ከተማ የሚገኘው ሚቸል ሃምሊን በ2015፣ ሲራኪዩስ በ2019 ከፊል በኢንተርኔት የሚሰጥ ጄዲ ጀምረዋል፤ በሳን አንቶኒዮ የሚገኘው ሴንት ሜሪስ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጠውን በ2022 ጀመረ። ሌሎችም ተከትለዋል። ሚቸል ሃምሊን ለእርስዎ በመኪና የሚደረስበት ነው።

ሁለት ነገር ያጣሩ። ትምህርቱ በቀጥታ በተወሰነ ሰዓት ነው ወይስ ተቀርጾ በፈለጉት ሰዓት የሚታይ? ለሌሊት ሠራተኛ ይህ ሁሉን ይወስናል። ሁለተኛው፣ በዓመት ስንት ጊዜ በአካል ይጠራሉ፣ ለስንት ቀን? የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የልጅ ጠባቂ ወጪ ከክፍያው ላይ ይደመር። የተግባር ልምምዱንም በከተማዎ ማን እንደሚያመቻችልዎት ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ቦታ ፈልጎ ማግኘቱ በተማሪው ላይ ይወድቃል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤቢኤ ያላጸደቃቸው፣ ዋጋቸው የረከሰ የኢንተርኔት የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ። ማስታወቂያቸው ሠራተኛ ሰውን ይማርካል። ከነሱ የተመረቀ ሰው ግን በአብዛኛው ስቴት ለጥብቅና ፈተና መቀመጥ አይችልም። ሳውዝ ዳኮታ የሚኖር ሰው ይህን መንገድ ባይነካ ይሻላል።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች። ለሕግ ትምህርት ብበደር በስንት ዓመቴ ከፍዬ እጨርሳለሁ? የጡረታ ገንዘቤን ባወጣስ?

መልስ፦ የፌዴራል ብድር ሕጉ በሐምሌ 2025 ተለውጧል። ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ «ግራድ ፕላስ» የሚባለውን፣ የትምህርት ቤቱን ወጪ ሙሉ ለሙሉ ይሸፍን የነበረውን ብድር አያገኝም። ለሕግ ተማሪ ገደቡ በዓመት 50 ሺህ፣ በድምሩ 200 ሺህ ዶላር ነው። ሙሉ ጊዜ ካልተማሩ ዓመታዊው ገደብ በተመዘገቡበት መጠን ይቀንሳል፤ የሙሉ ጊዜውን ሁለት ሦስተኛ የወሰደ ሰው ወደ 33 ሺህ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የግል ባንክ ብድር ነው፤ ዋስ ሊጠይቅ ይችላል፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠው የዕዳ ስረዛም አይነካውም። ለልጅ ትምህርት ወላጅ የሚወስደው የፌዴራል ብድርም በዚያው ሕግ በዓመት 20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በድምሩ 65 ሺህ ላይ ተገድቧል። የእርስዎና የልጅዎ ዕዳ በአንድ ቤት ላይ እንደሚወድቅ አስበው ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያስሉ።

ዕድሜውን እንቁጠር። በ53 ገብተው ማታ ከተማሩ በ57 ይመረቃሉ። በሐምሌ ተፈትነው ውጤቱ በመጸው ይደርሳል፤ በ58 ሥራ ላይ ነዎት። በመንግሥት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት ሙሉ ጊዜ ከሠሩ፣ ከ120 ወርኃዊ ክፍያ በኋላ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል፤ ይህም 68 ዓመት ላይ ነው። በግል ከሠሩ በገቢ ላይ የተመሠረተው አዲሱ አከፋፈል ከገቢዎ ከ1 እስከ 10 በመቶ እየወሰደ እስከ 30 ዓመት ይሄዳል፤ ያ ለእርስዎ 88 ዓመት ነው። ስለዚህ የእኛ አስተያየት ጥብቅ ነው፦ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በመጀመሪያ ዓመት ደመወዙ ሊያገኝ ከሚችለው በላይ ጠቅላላ ዕዳ አይግባ። ከትንሽ የጥብቅና ቢሮ 70 ሺህ የሚጠብቁ ከሆነ፣ አራቱ ዓመት ተደምሮ ዕዳው ከ70 ሺህ አይለፍ። ይህ ልክ ስንቱን ትምህርት ቤት ከዝርዝርዎ እንደሚያወጣ ሲያዩ ምርጫው ራሱ ይጠብባል። የሚቀሩት ነዋሪ የሆኑበት የመንግሥት ትምህርት ቤትና ከፍተኛ ስኮላርሺፕ የሚሰጡት ናቸው።

የጡረታውን ገንዘብ አይንኩት። ከ401 ኬ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት የወጣ ገንዘብ በአብዛኛው ከገቢ ግብሩ በላይ 10 በመቶ ቅጣት አለው። በዚያ ላይ ያወጡት እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ልጅዎ በምትሞላው ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) ላይ የቤተሰቡን ገቢ ያሳብጥና የምታገኘውን ዕርዳታ ሊቀንስባት ይችላል። ገንዘቡ ባለበት ከተቀመጠ ፋፍሳ እንደ ሀብት አይቆጥረውም።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ዳኛ ነበርኩ። 44 ዓመቴ ነው። ጄዲ እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ የአንድ ዓመቱ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ይበቃኛል?

መልስ፦ የት መሥራት እንደሚፈልጉ ሳይወስኑ ለኤልኤልኤም አንድ ዶላር አይክፈሉ። ኒው ዮርክ የውጭ ሕግ ተመራቂን ታስፈትናለች። ኢትዮጵያ ግን ከ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ (በአውሮፓ 1960) ሕጓ በአህጉር አውሮፓ ወግ የተጻፈ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም፤ ኤቢኤ ባጸደቀው ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ኤልኤልኤም ይጨመርበታል። ከዚያ ውስጥ የሙያ ሥነ ምግባር፣ የሕግ ጥናትና ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ሕግ መግቢያ እያንዳንዳቸው ሁለት ክሬዲት፣ ለፈተናው የሚመጡ ትምህርቶች ደግሞ ስድስት ክሬዲት መሆን አለባቸው። ኤልኤልኤም ሁሉ ይህን አያሟላም፤ በዓለም አቀፍ ሕግ ላይ ብቻ ያተኮረውን ወስደው በመጨረሻ ለፈተና እንደማይበቁ የሚያውቁ አሉ። ዲሲ 26 ክሬዲት ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ በአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለውን ተጨማሪ ትምህርት ሳትጠይቅ ታስፈትናለች፤ ዳኝነት ብቻውን እንደ ጥብቅና ፈቃድ ይቆጠር እንደሆነ ግን ቀድመው በጽሑፍ ያስመልሱ። ኤልኤልኤም ብቻ ይዞ የመጣን ሰው የማያስፈትኑ ስቴቶችም ብዙ ናቸው።

የኒው ዮርክ ፈታኝ ቦርድ የውጭ ዲግሪን አስቀድሞ የሚመረምርበት ሥርዓት አለው። ትምህርት ቤት ከመምረጥዎ በፊት ይህን ያስጨርሱ። የምሥክር ወረቀቱ ከዩኒቨርሲቲዎ በቀጥታ ስለሚላክ ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ብዙዎች አይጠይቁበትም። የኤቢኤ ደንብ ትምህርት ቤቶች ለውጭ ሕግ ተመራቂ ከጄዲው እስከ አንድ ሦስተኛ ክሬዲት እንዲቆጥሩለት ይፈቅዳል። አንዳንዶቹ በዚህ መሠረት ለውጭ የሕግ ባለሙያዎች የሁለት ዓመት ጄዲ ይሰጣሉ። ከኤልኤልኤሙ አንድ ዓመት ይረዝማል፤ ግን በየትኛውም ስቴት ለመፈተን በር ይከፍታል። በፈተናው ላይም በውጭ የተማሩ ሰዎች የማለፍ መጠን ከአሜሪካ ጄዲ ተመራቂዎች በግልጽ ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የአጻጻፍ ልምምድ ማነስ ነው፤ ጄዲው የሚሰጠው ይህን ነው። ዕድሜዎ ገና 44 ስለሆነ እዚህ አገር ጠበቃ ሆነው 20 ዓመት መሥራት ካሰቡ፣ እኛ የሁለት ዓመቱን ጄዲ እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ በመግለጫ ጽሑፌ ላይ ዕድሜዬን ላንሣ? የድጋፍ ደብዳቤስ? የተማርኩበት 25 ዓመት አልፎታል፤ መምህራኖቼ አያስታውሱኝም።

መልስ፦ ዕድሜን ምክንያት አድርጎ አለመቀበል በ1975ቱ የዕድሜ መድልዎ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ትምህርት ቤት የተከለከለ ነው። ዓመቶቹ ከሥራ ዝርዝርዎ ላይ ስለሚታዩ መደበቅም ማወጅም አያስፈልግም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው «ለምን አሁን?» የሚለውን ነው፤ ለዚህም በሥራዎ ላይ ያጋጠመዎትን አንድ የሕግ ጉዳይ በዝርዝር ማሳየት ይበቃል። የስደት ታሪክን ከድንበር እስከ ዛሬ መተረክ በሁለት ገጽ ላይ ቦታውን ሁሉ ይበላል። ደብዳቤውን የቅርብ አለቃዎ ይጻፍ፤ ጽሑፍዎንና የማመዛዘን ችሎታዎን በምሳሌ የሚያሳይ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ወይም የዕድር ሊቀ መንበር ደብዳቤ ክብር ቢኖረውም፣ ሥራ ላይ ያየዎትን ሰው አይተካም።

ጥያቄ፦ ታክሲ ስነዳ ብዙ የትራፊክ ቅጣት ተቀብያለሁ። ከ18 ዓመት በፊት ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ኮርስ ወድቄ ትቼው ነበር፤ በኋላ ሌላ ቦታ ተመርቄያለሁ። ይህን ሁሉ መጻፍ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ሁለቱንም። ከመጀመሪያው ዲግሪ በፊት የተማሩበት የአሜሪካ ኮሌጅ ሁሉ፣ አንድ ኮርስም ቢሆን፣ ትራንስክሪፕቱ ለኤልሳክ መላክ አለበት። የወደቁበት ውጤት ከክሬዲቱ ጋር ትራንስክሪፕቱ ላይ ካለ፣ ኮርሱን ደግመው ቢያልፉም ሁለቱም ይቆጠራሉ። ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ የተማሩት ግን አማካዩ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ አሁን ተጨማሪ ኮርስ ወስዶ አማካይን ማሳደግ አይቻልም። የሚያዋጣው ኤልሳቱ ላይ መበርታትና ያኔ ምን እንደሆነ በግማሽ ገጽ ማስረዳት ነው፤ ሁለት ሥራ ይሠሩ ከነበረ የሥራ ሰዓቱን በቁጥር ይጻፉ።

የትራፊክ ቅጣቱን በተመለከተ የየትምህርት ቤቱን ጥያቄ ቃል በቃል ያንብቡ። አንዱ ቀላል የትራፊክ ጥፋትን አይጠይቅም፤ ሌላው ሁሉንም ይላል። ሁሉንም ለሚለው በማስታወስ አይሙሉ። ፈቃድ ከያዙበት ስቴት የተሟላ የመንጃ መዝገብ አውጥተው ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥፋቱንና የተከፈለውን በሠንጠረዥ ያያይዙ። የዲሲ ታክሲ ነጂ ከሆኑ የታክሲ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የቀጣዎት ለብቻው ሊመዘገብ ስለሚችል ያንንም ይጠይቁ። ቅጣቱ ራሱ ማንንም ከሕግ ትምህርት ቤት አያስቀርም። የሚጎዳው ከአራት ዓመት በኋላ የጥብቅና ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ መዝገብዎን ሲያወጣ፣ ለትምህርት ቤቱ የጻፉት ከዚያ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከገቡ በኋላ የረሱት ነገር ትዝ ካለዎት ሳይውል ሳያድር ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የላኩትንም ሁሉ ኮፒ ያስቀምጡ፤ ለፈቃዱ ሲያመለክቱ ሁለቱ ቃል በቃል መግጠም አለባቸው።